ጥናቱን ብቻ ያስገቡ

ለዕረፍት ወደ ሀገር ቤት በሄድኩበት ወቅት፣ ኔዘርላንድ የተማርኩበትን የዶክትሬት ዲግሪ የአቻ ግምት ለማሠራት ወደሚመለከተው ቢሮ ገብቼ ነበር። መሰንቆ ተጫዋች ነኝ፤ ጥናቴም የተሠራው በመሰንቆ ነው። ማመልከቻዬን የተቀበሉኝ ባለሙያ የጥናቴን መጽሐፍ ገለጥ ገለጥ አድርገው ካዩ በኋላ፣ ከሽፋኑ ኪስ ፍላሿን አውጥተው ምን እንደያዘች ጠየቁኝ። የጨዋታዬ ቀረጻ መሆኑን ስነግራቸው በትሕትና መልሰው ሰጡኝና «ይሄ መዝናኛ ነው፤ ጥናቱን ብቻ ያስገቡ» አሉኝ። ቃሉ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

መዝናኛ የተባለው እንዴት እንደተገኘ ልናገር። በመጀመሪያው ዓመት አማካሪዬ ስጫወት ቁጭ ብለው ካዳመጡ በኋላ፣ ደጋኑ ቃሉ ሳያልቅ አቅጣጫ የሚቀይረው ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እጄ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቀውን አፌ ሊናገረው አልቻለም። ሁለት ወር ያህል አንዲት የባቲ ስንኝ በዝግታ እየደጋገምኩ፣ ክንዴን በካሜራ እየቀረጽኩ ከቆየሁ በኋላ፣ ደጋኑ የሚዞረው ትንፋሽ በሚሳብበት ቦታ ሳይሆን በሚጠብቀው ፊደል ላይ መሆኑን አስተዋልኩ። ወርቁ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው በመጥበቅና በመላላት ውስጥ ስለሆነ፣ እጅ ከአፍ ቀድሞ ለአድማጩ ይጠቁመዋል ማለት ነው። ይህን ከየትኛውም ቤተ መጻሕፍት አላገኘሁትም፤ ካልተጫወቱት በቀር የሚገኝበት መንገድም አይታየኝም።

እ.ኤ.አ. በ1575 የተመሠረተው የላይደን ዩኒቨርሲቲ ለሙዚቀኞች ይህን ዲግሪ የሚሰጠው ዘ ሄግ ካለው የንጉሣዊ ኮንሰርቫቶሪ ጋር ተባብሮ ነው። ጨዋታውና ጽሑፉ አብረው ይመዘናሉ፤ አንዱ የሌላው ማጀቢያ አይደለም። በመጨረሻው ቀን ተመራቂው ሁለት ወዳጆቹን ከጎኑ አቁሞ ለ45 ደቂቃ በአደባባይ ይጠየቃል። ሰዓቱ ሲሞላ በትር የያዘ ሰው ገብቶ በላቲን «ሆራ ኤስት» ይላል፤ ሰዓቱ ደረሰ ማለት ነው፤ የተጀመረ መልስ እንኳ በዚያው ይቋረጣል።

እዚያ ቆሜ በሐሳቤ የመጣችብኝ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም ነበረች። ድጓን ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋስዕትን ዙር አባ፣ አቋቋምን ጎንደር ወርዶ የሚያስመሰክር ተማሪ የሚመሰከርለት ስለ ዜማው ስለጻፈ ነው? ድጓውንማ በገዛ እጁ ይጽፈዋል፤ መምህር የሚባለው ግን በመምህሩ ፊት ሲያዜመው ነው። አውሮፓውያኑ የኪነ ጥበብ ሰው በሥራው ይመርመር ብለው የተስማሙት በቅርብ አሠርት ዓመታት ነው፤ እዚያም ቢሆን ክርክሩ ገና አልበረደም። እኛ ዘንድ ግን ክርክር ሳያስፈልገው ለዘመናት የኖረ ሥርዓት ነው፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ከዚያ ሥርዓት በወጣ ሕዝብ ቢሮ ውስጥ ዜማ መዝናኛ ተባለ።

የመጽሐፌ ሦስተኛ ምዕራፍ በየገጹ «ቀረጻውን ያድምጡ» እያለ አንባቢውን ወደ ፍላሿ ይልካል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ማዳመጫ ይዤ ተመለስኩና ባለሙያውን አራት ደቂቃ ብቻ እንዲሰሙልኝ ለመንኳቸው። ሰሙ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያም ቅጹን ወደ እኔ አዙረው አሳዩኝ፤ የገጽ ብዛት የሚሞላበት ቦታ እንጂ ለድምፅ የተተወ አንድም መስመር የለውም።