ሳህኑን ማን ይጠብ?

በ79 እ.ኤ.አ. የጣሊያኑ ቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ የሄርኩላኔምን ከተማ ሲቀብር፣ አንድ ሙሉ ቤተ መጻሕፍትም አብሮ ከሰለ። ጥቅልሎቹ በ18ኛው መቶ ዘመን ተቆፍረው ሲወጡ ከሰል መስለው የተጣሉ ነበሩ። እንግለጣቸው ያሉም አመድ ታቀፉ። በ2023 እ.ኤ.አ. ግን አንድ ተማሪ በኤክስሬይ ምስልና በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየታገዘ፣ ጥቅልሉ ሳይነካ አንዲት ቃል አነበበ፦ «ሐምራዊ»። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ እሱና ሁለት ጓደኞቹ ብዙ አምዶችን አንብበው 700,000 ዶላር ተሸለሙ።

እሰይ ነው። ሆኖም ይኸው ጥበብ አምስት ደባሎች በተከራዩት ቤት፣ ማጠቢያው ውስጥ ያደረው ድስት የማን እንደሆነ ሊነግረን አልቻለም።

ባለድስቱ መልስ አያጣም፤ «ዘፍዝፌው ነው» ይላል። መዘፍዘፍ ደግ ነገር ነው፤ ለአንድ ሰዓት። በሦስተኛው ቀን፣ ቅባቱ ከላይ ረግቶ ማንኪያ ሲነካው የሚሰነጠቅ ሲሆን፣ ጉዳዩ ወደ ቴሌግራም ያመራል። አንዱ የድስቱን ፎቶ ይለጥፍና ስም ሳይጠራ «ጓዶች፣ እስቲ እንተሳሰብ» ይላል። አራቱም አውራ ጣት ያነሳሉ። ባለድስቱ ከሁሉም ቀድሞ።

ከሰሉ ውስጥ የተገኘው ጽሑፍ ስለ ደስታ ነው፤ ጥቂት ሆኖ የቀረበ ምግብ ከተትረፈረፈው ይበልጥ ይጣፍጣል ወይ እያለ ይጠይቃል። ጸሐፊው የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ የኤፒኩረስ ተከታይ ሳይሆን አይቀርም። ኤፒኩረስ ራሱ አቴና አጠገብ በነበረው የአትክልት ስፍራው ሴቶችንና ባሪያዎችን ሳይቀር ተቀብሎ ያስተምር ነበር፤ በዚያ ዘመን ጉድ የሚያሰኝ ነው። ንብረት ይቀላቀል ሲባል ግን እምቢ አለ። ወዳጆች ከተማመኑ ምን የጋራ ሣጥን ያስፈልጋቸዋል ባይ ነው። ብልህ ሰውዬ! ሲያሰኘው ድግስ እንዲያደርግ አንድ ማሰሮ አይብ እንዲልክለት ለወዳጁ ጽፏል። ማሰሮውን ማን እንዳጠበው ፈላስፎቹ አልጻፉም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ፈረንሳዊው ሻርል ፉርዬ (1772–1837) ሎሚውን ባሕር ውስጥ ጨመረው። 1,620 ሰው አብሮ የሚኖርበትን ማኅበር ሲነድፍ፣ የሰው ልጅ ተስማምቶ ከኖረ ባሕሩ ሳይቀር የሎሚ ጭማቂ ጣዕም ይይዛል ብሎ ጻፈ። ይሳቅበት፤ ግን አብሮ መኖርን ካለሙት ሁሉ መካከል ቆሻሻውን ማን ያንሳው ብሎ የምር የተጨነቀው እሱ ነው። ልጆች ጭቃ ይወዳሉ፤ እንግዲያው ጋጣ መጥረጉ የእነሱ ይሁን አለ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው፣ በትናንሽ ፈረሶች ተቀምጠው፣ በክብር ወደ እበቱ የሚሰማሩ የልጆች ጭፍራ! ፉርዬ ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ያስታውቃል።

በ1843 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ፍሩትላንድስ የተባለውን ማኅበር የመሠረቱት ብሮንሰን ኦልኮትና ቻርልስ ሌን ደግሞ እንስሳን መበዝበዝ ነውር ነው ብለው ሥጋም ወተትም ከለከሉ፤ በሬ መጥመድም ግፍ ተባለ። ወንዶቹ ስለ አዲሱ ኑሮ ሊሰብኩ ከከተማ ከተማ ሲዞሩ፣ የደረሰውን ገብስ ከዝናብ ያተረፉት የኦልኮት ሚስት አቢጌልና ልጆቿ ናቸው ይባላል። ለበሬው የታሰበው ነፃነት አቢጌል ዘንድ አልደረሰም። ማኅበሩ ሰባት ወር ያህል ቆይቶ ፈረሰ።

ሼከሮች የሚባሉት የአሜሪካ ክርስቲያን ማኅበርተኞች ይሻላሉ። ወንዱም ሴቱም ሳያገባ የሚኖርበት ማኅበር ስለሆነ ጉልበት ሳይተርፋቸው አልቀረም፤ በ1858 ለልብስ ማጠቢያ ማሽን የፈጠራ መብት አውጥተው ለሆቴሎች ይሸጡ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ጋብቻ በሌለበት ተተኪ አይወለድም፤ ዛሬ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ማጠቢያው አለ፣ ለባሹ አለቀ።

የሳህኑን ነገር መላ ያገኘችለት ግን አብዮት አስባ የማታውቅ ወይዘሮ ናት። የኢሊኖይዋ ጆሴፊን ኮክሬን፣ ሠራተኞቿ ውድ ሳህኖቿን ሲያጥቡ ጠርዛቸውን እየሸረፉ ቢያስቸግሯት፣ በ1886 የእቃ ማጠቢያ ማሽን ፓተንት አወጣች። ለሠራተኞቹ እጅ ያዘነ አልነበረም፤ የታዘነው ለሳህኑ ነው።

ማሽኑ ዛሬ ደባሎቹም ቤት ገብቷል። አጥቦ ሲጨርስ ይጮኻል፤ በዚያች ደቂቃ አምስቱም ጆሮ ላይ ማዳመጫ አለ። አንዱ ይመጣና ለራሱ አንድ ንጹሕ ብርጭቆ መዝዞ በሩን መልሶ ይዘጋል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ያጠበውን ያላጠበውን ሳያጣራ የቆሸሸ ሳህኑን ከንጹሖቹ መሃል ይሰካል፤ አራተኛው «ሞልቷል» ብሎ ያስነሳዋል፤ ንጹሖቹም ሁለተኛ ይታጠባሉ። አምስተኛው ድስቱን ዘፍዝፏል።