«በእናቴ ነው የምትማሪው?»

የድሬ ሰዎች፣ ይህን የምለው ለእናንተም ለራሴም ነው። በየሆስፒታሉ ሙያ ሊለምዱ የሚመጡትን የነርሲንግ ተማሪዎች እያስከፋናቸው ነው። እኔም አስከፍቻለሁ።

እናቴን ሳስታምም ነው። ሙቀቱ የሚያፍን ከሰዓት ነበር። አንዲት ተማሪ ጉሉኮስ ልትሰካላት መጣች። ክንዷን በጎማ አስራ ደም ስሩን በጣቷ እየዳበሰች ፈለገች። ወጋች፣ ሳተችው። «በእናቴ ነው የምትማሪው?» ብዬ ጮህኩባት። ምንም አልመለሰችም። እጇ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሁለተኛውንም ሳተች። ኋላ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ቧንቧው ጋ ፊቷን ስትታጠብ አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል። ጀሪካኔን ሞልቼ ዝም ብዬ ተመለስኩ።

ሁለተኛውን መርፌ ያሳታት የእኔ ጩኸት ነው። ከባድ መስሎ ከታየን «እባክሽ ሲስተሯን ጥሪልን» ማለት እንችላለን። መብታችን ነው። ስድቡ ግን ምን ይሠራል? ከጎጃም፣ ከወላይታ ተመድበው የመጡ ልጆች አሉ። በኦሮምኛና በሶማልኛ የምንናገራቸው ባይገባቸው እንኳ ፊታችን ይገባቸዋል። እንግዳ እንወዳለን የምንል ሰዎች አይደለንም እንዴ?

ደግሞ ይህን አስቡት። እኛ ሰው ሲሞትብን ድንኳን እንተክላለን። ጎረቤት ሦስት ቀን አብሮን ይቀመጣል። ያቺ ልጅ ግን ስትንከባከበው የሰነበተችው ሰው ዓይኗ እያየ ይሞታል፤ አንሶላውን ቀይራ ወደሚቀጥለው አልጋ ትሄዳለች። እሷን ለቅሶ የሚደርሳት የለም። ማታ ቤት ስትደውል «ቻይው፣ ልብሽን አጠንክሪ» እንላታለን። ሆድ ይፍጀው ነው ነገሩ።

ሆድ ግን አይፈጀውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ግሮስ ስሜቱን የሚደብቅ ሰው ፊቱ ላይ ባይታይበትም ውስጡ እንደማይበርድለት፣ እንዲያውም ሰውነቱ ይበልጥ እንደሚወጠር አሳይቷል። ተመራማሪዋ ኢዛቤል ሜንዚስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ለንደን ውስጥ የአንድ ሆስፒታል ነርሶችን አጥንታ ነበር። አሠራሩ ነርሶቹ ከሕመምተኛው እንዳይቀራረቡ፣ ስሜታቸውን እንዲውጡ የሚያደርግ ነበር። ጭንቀቱ አልቀነሰም፤ ከተማሪዎቹ ሲሶ ያህሉ ትምህርቱን ሳይጨርሱ ይወጡ ነበር።

የእህቴ ልጅ ነርሲንግ ትማራለች። «እጅሽ ይባረክ የተባልኩ ቀን የሌሊት ዲዩቲ አይታወቀኝም» ትለኛለች። ምርቃት ነው የጠየቀችን፤ ገንዘብ አይደለም። እናቶች፣ እናንተ ደግሞ ስትመርቁ ማን ይችላችኋል! ለነዚህ ልጆችም አትሰስቱ።

ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ደውሉና «ዛሬ ምን አጋጠመሽ?» በሏት። ከዚያ አታቋርጧት። ብታለቅስም ታልቅስ። ወንዱንም «ወንድ አይደለህ እንዴ» አትበሉት።

እናቴ ከዳነች በኋላ ያቺን ተማሪ ይቅርታ ልላት ወደ ዋርዱ ተመልሼ ነበር። የሆስፒታል ልምምዷን ጨርሳ ሄዳለች አሉኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም ነበር።