ፖርታሉ ተቆጠረ፤ ሰልፈኛውስ?

ጭብጡ፦ አገራትን በዲጂታል ሽግግር እየለኩ በደረጃ መደርደር ለባሕር ዳር ሰው ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? ይጠቅማል ያሉት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ስታቲስቲክስ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። አይጠቅምም ያለችው ቀበሌ 14 አካባቢ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ያላት ነጋዴ ናት። ዓመተ ምሕረቶቹ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መምህሩ፦

ያልተለካ ነገር ለወሬ ይመቻል። "ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025" የተባለው ስትራቴጂ በ2020 ከጸደቀ ወዲህ በየስብሰባው "ዘመናዊ ሆነናል" ሲባል እንሰማለን። ከማን ጋር ተወዳድረን? በምን ተመዝነን? የተባበሩት መንግሥታት በየሁለት ዓመቱ የሚያወጣው የኢ-መንግሥት መለኪያ 193ቱን አባል አገራት በሦስት ነገር ይመዝናል፦ በኢንተርኔት የሚሰጥ የመንግሥት አገልግሎት፣ የቴሌኮም መሠረተ ልማት፣ እንዲሁም የሕዝቡ የትምህርት ደረጃ። የሦስቱም ክብደት እኩል ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ መሥሪያ ቤት ያማረ ድረ ገጽ ቢያሠራ፣ ማንበብ ያልቻለው ሕዝብና ያልተዘረጋው ኔትወርክ ነጥቡን ወደ ታች ይጎትቱበታል። ዴንማርክ ከ2018 እስከ 2024 በወጡት አራት ሪፖርቶች አንደኝነቷን ያልለቀቀችው በድረ ገጽ ውበት አይደለም።

መለኪያ አይሳሳትም አልልም። ግን ይታረማል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አገራትን በቴሌኮምና በኢንተርኔት የሚያወዳድርበትን የራሱን ኢንዴክስ (የደረጃ መለኪያ) ከ2017 በኋላ አቋርጦት ነበር፤ አባል አገራቱ በአሠራሩ መስማማት አቃታቸው። በ2023 በአዲስ ስሌት መለሰው። እየተጨቃጨቁ የሚያርሙት ቁጥር ጨርሶ ቁጥር ከማጣት ይሻላል።

ነጋዴዋ፦

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎ ያዩት ሪፖርቱን ነው፤ እኔ የማየው ሰውየውን ነው። የአገልግሎቱን ነጥብ የሚሰጡት ገምጋሚዎች በየመንግሥቱ ድረ ገጽ እየገቡ ይህ አለ፣ ያ የለም እያሉ መዝግበው ነው። አለ ከተባለ ነጥቡ ተያዘ።

ያ "አለ" እኔ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። አንድ ሰው ከዘጌ በጀልባ፣ ሌላው ከመራዊ በሚኒባስ ይመጣል። ፓስፖርት ፈልጎ ነው፣ ወይም ንግድ ፈቃድ ሊያሳድስ። ኢሜይል ይጠየቃል፤ የለውም። እከፍትለታለሁ። ፓስወርዱን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ እሰጠዋለሁ፤ ወረቀቱ እንደሚጠፋ ስለማውቅ እኔም ደብተሬ ላይ በስሙና በአባቱ ስም አሰፍረዋለሁ። የማረጋገጫ ኮዱ በስልኩ ሲገባ ስልኩን ይሰጠኛል፣ እኔው አነብለታለሁ፣ እኔው እሞላለሁ። ከዚያ ገጹ ይንጠለጠላል። "ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ" እላለሁ። ድሮ ይህን የሚሉት ባለ ጠረጴዛዎቹ ነበሩ፤ አሁን ሥራው ወደ እኔ ዞሯል፤ የማመልከቻ ጸሐፊው ክፍያም እንዲሁ። እንጀራዬ ስለሆነ አላማርርም። ግን ይህ ሰው በየትኛው ሒሳብ ነው የዲጂታል አገልግሎት ተጠቃሚ የሚባለው?

ተቃራኒውን ደግሞ ይመልከቱ። ሐይቁ ዳር ቆሮሶ የምትሸጠው ሴት የያዘችው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ደንበኛው በቴሌብር ይልክላታል፤ ከ127 መልእክቱ ሳይገባ ዓሣውን ከእጇ አትለቅም። ራሷም *127# እያለች ለአጥማጁ ትከፍላለች። እሷ ኢንተርኔት አልነካችምና የኢንተርኔት ተጠቃሚ ቁጥር ውስጥ የለችም። እውነት የተለወጠችው ግን እሷ ናት።

ሌላም አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ቆየ። የኔትወርክ ሽፋን የሚለካው ግን ሰው ሲግናል በሚደርስበት ቦታ መኖሩ እየታየ ነው። አንቴናው ቆሟል፤ ስለዚህ ተሸፍነናል! ተማሪው ለአንድ ኢሜይል ብሎ አዲስ አበባ ይወርድ የነበረበት ጊዜ በዚህ ሒሳብ የት ገባ?

መምህሩ፦

እህቴ፣ ዓሣ ሻጯን የዘነጋት የለም። የዓለም ባንክ ፊንዴክስ የተባለው ጥናት ከ2011 ጀምሮ ሰዉን ራሱን እየጠየቀ የሚካሄድ ነው፤ በሞባይል ገንዘብ የሚቀበልም ይቆጠርበታል። አንዱ መለኪያ የሳተውን ሌላው ያነሣዋል።

ስለ መቋረጡ ያልሽውን አልክድም። ነገር ግን ጣትሽን የቀሰርሽው መለኪያዎቹ ወደሚወጡባቸው ኒውዮርክና ጄኔቫ ነው፤ የእኛ ቤትስ? "ከመቶ ሰው ስንቱ" ለማለት መቶውን ማወቅ ይቀድማል። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የምናካፍለው ሁሉ በግምት ላይ ነው። ይህን ጉድ በየጊዜው ፊታችን ላይ የሚያፈጥብን ያ የምትነቅፊው ኢንዴክስ ነው።

ነጋዴዋ፦

ቆጠራውን በተመለከተ ተሸንፌያለሁ ልበል? አልልም፤ መቶው ሳይታወቅ ደረጃ መስጠት ይብሳል እንጂ አይሻልም። ደረጃ ደግሞ ክብር ስለሆነ እጅ ይነካካዋል። ለንግድ ያለውን ምቹነት ያወዳድር የነበረው የዓለም ባንክ ዱዊንግ ቢዝነስ ሪፖርት በ2021 የተዘጋው፣ የ2018 እና የ2020 እትሞቹ ቁጥሮች ተነካክተው በመገኘታቸው ነው። ሚኒስትር ሁሉ የሚጠብቀው ቁጥር እንዲህ ይሆናል።

በዚያ ላይ እኛ የለንበትም። የተባበሩት መንግሥታት የከተሞችን አገልግሎት ሲለካ ከየአገሩ የሚመርጠው ሕዝቡ የሚበዛበትን አንድ ከተማ ነው፤ የእኛው አዲስ አበባ ነው። ባሕር ዳር ቢሻሻል ባይሻሻል ሰንጠረዡ ላይ አይታይም። እኔ የምፈልገው አንድ ጥያቄ ነው፤ አገልግሎቱን ያገኘውን ሰው "ማን ሞላልህ?" ብሎ መጠየቅና መልሱን በየቀበሌው መለጠፍ። የኬንያና የእኛ ልዩነት ይቅርብኝ፤ የዓባይ ማዶና የዘጌ ይበቃኛል።

መምህሩ፦

"ማን ሞላልህ" ራሱ መለኪያ ነው፤ በእጅሽ ጽፈሽ ሰጠሽኝ። ደረጃውንም አልተውም፤ የገንዘብ ሚኒስትር በጀት የሚለቀው ዓባይ ማዶን ከዘጌ አስተያይቶ ሳይሆን ኢትዮጵያን ከሩዋንዳ አስተያይቶ ሲደነግጥ ነው። ያንን ደብተር ግን ብትቆልፊው ይሻላል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል።

ነጋዴዋ፦

አዋጁን ሰምቻለሁ፣ መምህር። ደብተሩን ነገ ባቃጥለው ፓስወርድ የጠፋበት ሁሉ ሰኞ ጠዋት ፔዳ በር ላይ ይሰለፍልዎታል። ያን ጊዜ እርስዎ ይለኩት።