«30 ሜትር» የመዋኛ ፈቃድ አይደለም
ጀርባው ላይ «30 ሜትር» የሚል አውቶማቲክ (በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ) የእጅ ሰዓት ይዋኙበታል የሚል ወሬ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አያለሁ። ቅር አትሰኙብኝና ትክክል አይደለም። ቁጥሩ የ3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት ልክ ነው፤ ለዝናብና ለእጅ መታጠብ ይበቃል። ለዋና 100 ሜትር የሚል ይሻላል፤ ጠልቆ ለመዋኘት ደግሞ አይኤስኦ 6425 የተባለውን ዓለም አቀፍ የጠላቂዎች ሰዓት መስፈርት ያሟላ።

በተለይ የሚያሳስበኝ ያገለገለ ሰዓት የሚገዛው ሰው ነው። ውሃ የሚያግዱት ቀጫጭን ጎማዎች በዕድሜ ይደርቃሉ፤ ጽሑፉ ግን እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ ሰዓት ሠሪ ጋ ወስዳችሁ በግፊት መሞከሪያ አስፈትሹት። መስታወቱ ከውስጥ ላብ መሰል ጉም ከያዘ ውሃ ገብቷል፤ ሳይውል ሳያድር አስከፍቱት። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ባለጥርስ ብረቶች ከዛጉ የጥገናው ሂሳብ ከሰዓቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።