እርማት፦ ጉምሩኮች ተባበሩ ማለት ቀረጥ ቀረ ማለት አይደለም

«የጎረቤት አገሮች ጉምሩኮች ከተስማሙ ዕቃ ያለ ቀረጥና ያለ ፍተሻ ያልፋል» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ተቀላቅሎብሃል። ቀረጥ የሚያስቀንሰው የንግድ ስምምነት ነው። የጉምሩኮች ትብብር የሚያሳጥረው ወረፋውንና የወረቀቱን ምልልስ ነው።

ቺሩንዱን እንይ። በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል ያለው ይህ ኬላ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጋራ ነው። ሾፌሩ የሚቆመው አንዴ፣ በሚገባበት አገር በኩል ብቻ ነው። የመውጫውም የመግቢያውም ጣጣ እዚያው ያልቃል። ግን ፍተሻ አለ፤ የሚከፈል ካለም ይከፈላል።

ደግሞ የንግድ ስምምነት ስላለ ብቻ ሁሉም ዕቃ ከቀረጥ ነፃ አይሆንም። ዕቃው የት አገር እንደተሠራ የሚያረጋግጥ የስሪት አገር ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ከሌላ አህጉር መጥቶ ጎረቤት አገር የተራገፈ ዕቃ በዚህ ብቻ የጎረቤት ምርት አይባልም። ብዙ ነጋዴ ጉድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።