ፌስታሉን ስትቋጥሩ ያንን እጅ አስቡት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው እኔንም ይጨምራል። እስካለፈው ሳምንት ድረስ የተሰበረ ብርጭቆ በስስ ፌስታል ቋጥረው ደጅ ከሚያስቀምጡት አንዱ ነበርኩ። ማን እንደሚያነሳው አስቤ አላውቅም። ፌስታሉ ማታ ይወጣል፣ ጠዋት የለም። ለእኔ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ቀን ሙሉ በቆሻሻ መኪና ስዞር ዋልኩ። መኪናዋ የአንድ ቤተሰብ ናት። አባት ይነዳሉ። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውና የወንድማቸው ልጅ ከኋላ ሆነው ይጭናሉ። እናት ቤት ሆነው ሒሳብ ይይዛሉ፣ ስልክ ያነሳሉ። "ቆሻሻዬ አልተነሳም" ብሎ የሚጮህ ሁሉ የሚጮኸው እሳቸው ላይ ነው። መኪናዋ ዕዳ አለባት። አንድ ቀን ከቆመች የአምስት ሰው ገቢ አብሮ ይቆማል።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሳን። አባትየው ጋቢና ውስጥ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ብዙ አይናገሩም። ዓይናቸው ከመስታወቱ አይነቀልም። በኋላ ነው የገባኝ፣ በግራው መስታወት አንዱን ልጃቸውን፣ በቀኙ ሌላውን ያያሉ። ሦስቱም ካልታዩዋቸው መኪናዋ ፈቀቅ አትልም። ወደኋላ ሲሄዱማ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው። "ከኋላዬ ያለው ዕቃ አይደለም፣ ልጄ ነው" አሉኝ።

እና እኛ ምን እናደርጋለን? ጠባብ መንገድ አፍ ላይ መኪናችንን ገትረን እንተኛለን። ትልቁ መኪና መዞሪያ ሲያጣ፣ በጨለማ፣ ያንን ሁሉ መንገድ ወደኋላ ይሄዳል። በዚህ ሥራ ሰው ከሚሞትባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ በመኪና መገጨት ነው። የሚገጨው አንዳንዴ የሚቸኩል አላፊ መኪና ነው፣ አንዳንዴም የገዛ መኪናቸው። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየዓመቱ በሚያወጣው መረጃ ቆሻሻ መሰብሰብ፣ ከሠራተኛው ብዛት ጋር ሲነጻጸር፣ ብዙ ሰው ከሚሞትባቸው የመጀመሪያዎቹ አስር ሥራዎች ተርታ አይጠፋም። ፖሊስ በዚያ ተርታ ብዙ ጊዜ የለም። እኛ ግን ጀግና ስንል ይህን ሥራ አስበን እናውቃለን?

ያን ቀን ሦስት ቦታ ላይ ጥሩምባ ተነፋብን። አንዱ ሰውዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ተሳደበ። ታላቅየው ልጅ የዚያን ሰውዬ ሰፈር ቆሻሻ ተሸክሞ ነበር የሚሮጠው። መታገስ ያለበት ግማሽ ደቂቃ ነበር። ግማሽ ደቂቃ!

አሁን ስለ ፌስታሉ ልንገራችሁ። መኪናዋ ከኋላ ሰፊ አፍ አላት። ፌስታሉና ማዳበሪያው እዚያ ይጣላል። ሲሞላ ታላቅየው ማንሻውን ይጫናል። ያኔ በሃይድሮሊክ የሚሠራው ከባድ ብረት ይወርድና ቆሻሻውን እየጨመቀ ወደ ሆዷ ይወስደዋል። በዚያች ቅጽበት ሦስቱም ፊታቸውን ያዞራሉ። ለምን እንደሚያዞሩ የገባኝ አምስተኛው ቤት ላይ ነው። በደንብ የተቋጠረ ፌስታል ሲጨመቅ ይፈነዳል። በውስጡ ያለው ሁሉ ይረጫል። የቆየ ወጥ ይሁን፣ የሕፃን ዳይፐር ይሁን፣ የጠርሙስ ስባሪ ይሁን፣ ፊት ለፊት ለቆመው ሰው ነው የሚደርሰው። አንዱ ቤት ከግማሽ በላይ በረኪና ያለበት ጠርሙስ ጥሎ ነበር። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፣ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ነው። የሽንት ቤት ማጽጃ ውስጥ ደግሞ አሲድ ብዙ ጊዜ አለ። እናንተ በረኪናውን ትጥላላችሁ፣ ጎረቤታችሁ ማጽጃውን ይጥላል፣ ሁለቱ የሚገናኙት እነዚያ ልጆች አፍንጫ ሥር ነው።

ባትሪም እንደዚሁ። የስልክ ባትሪ፣ የቻርጅ ማጠራቀሚያ፣ የልጆች መጫወቻ ባትሪ። የሊቲየም ባትሪ ሲጨፈለቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። መኪናዋ ሆድ ውስጥ ደግሞ ወረቀትና ፕላስቲክ ሞልቷል። እሳት ከተነሳ ቶሎ የሚደረገው ነገር ጭነቱን እዚያው መንገድ ላይ መድፋት ነው። አለዚያ መኪናዋ ትቃጠላለች። የቤተሰቡ መኪና፣ ዕዳዋ ገና ያላለቀው። ይህ ሁሉ ለአንዲት አሮጌ ባትሪ ነው። ባትሪውን ለብቻ አስቀምጣችሁ ለሚረከብ ቦታ ብትወስዱት ምን ይጎድልባችኋል?

ወደ መርፌው ልምጣ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ሕሊናዬ አይለቀኝም።

ታናሽየው ልጅ ቀኝ እጁ ላይ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር፣ ትንሽ ጠባሳ አለችው። አምና አንድ ፌስታል ሲያነሳ ጓንቱን አልፎ መርፌ ወጋው። ያገለገለ ሲሪንጅ ነበር፣ ክዳን የለውም። የማን እንደሆነ አይታወቅም። ምን እንደነበረበት አይታወቅም። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ልጁ ያኔ ይህን አያውቅም ነበር። ሐኪም ነገረው። መድኃኒት ተሰጠው፣ ለምርመራ ደም ሰጠ፣ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ሰጠ፣ ከወራት በኋላ ደግሞ እንደገና። የመጨረሻው ውጤት እስኪመጣ ስድስት ወር ጠበቀ። በእነዚያ ስድስት ወራት ኩባያውን ለየ። ማንም እንዲነካበት አልፈለገም። እንዲህ ያለው በሽታ በኩባያ እንደማይተላለፍ ተነግሮታል፣ ግን ፈራ። እናቱ ግን ሆን ብለው በእሱ ኩባያ ይጠጡ ነበር። "ዝም ብለው አንስተው ይጠጣሉ፣ ከዚያ ያስቀምጡታል። ምንም አይሉኝም" አለኝ። ሲነግረኝ ፌስታል እያነሳ ነበር። ውጤቱ ደህና ሆነ፣ ተመስገን።

ያንን መርፌ ማን ጣለው? ክፉ ሰው አይመስለኝም። የስኳር ሕመምተኛ ሊሆን ይችላል። በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ሊሆን ይችላል። እንደኔና እንደናንተ ያለ ሰው ነው፣ ፌስታሉ ከደጁ ከተነሳ በኋላ የት እንደሚሄድ ያላሰበ። እኔን የሚያስቆጣኝም ይኸው ነው። ክፋት ቢሆን ጥቂት ሰው ነው የሚያደርገው፣ አለማሰብ ግን ሁላችንም ቤት አለ። መርፌ ወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይከተታል። የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ ይበቃል። ክዳኑ በደንብ ይጠበቅና በፕላስተር ይታሸጋል። ጤና ጣቢያ ወይም ፋርማሲ የሚቀበላችሁ ከሆነ ደግሞ እዚያ ውሰዱት። ስባሪ ጠርሙስ በወፍራም ጋዜጣ ተጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ ከላዩ "ስባሪ" ተብሎ ይጻፋል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። በፓሪስ ኡዤን ፑቤል የሚባል የከተማው ገዢ እ.ኤ.አ. በ1883 ባወጣው ደንብ ነዋሪው ቆሻሻውን ክዳን ባለው ዕቃ እንዲያወጣ አዘዘ። አንድ ዕቃ ለሚበሰብሰው፣ አንድ ለወረቀትና ለጨርቅ፣ አንድ ደግሞ ለጠርሙስና ለሸክላ ስባሪ። ሕዝቡ ተቆጥቶበት ነበር። ፈረንሳዮች ዛሬም የቆሻሻ ዕቃን በእሱ ስም "ፑቤል" ይሉታል። እንግዲህ ስባሪን ለይቶ ማውጣት ከ140 ዓመት በፊት የታሰበ ነገር ነው። ዛሬ "አላወቅንም" ማለት አንችልም።

ሌላም አለኝ። እሱ እንኳን ስለ አፋችን ነው።

መኪናዋ ደጃችን ስትደርስ ምን ብለን ነው የምንጣራው? "ቆሻሻ መጣ!" እንላለን። "ቆሻሻዎቹ መጡ" የሚልም አለ። ልብ በሉ፣ ቆሻሻው መቼ መጣ? ቆሻሻው ቤታችን ነበር። የመጣው ሊወስድልን የመጣ ሰው ነው። የራሳችንን ስም ለእሱ ለጠፍንበት። ያን ቀን ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጠርኩም። ልጆቹ ዘወር አይሉም፣ ለምደውታል። እኔ ግን ጋቢና ውስጥ ሆኜ አፈርኩ፣ እኔም ስለው ኖሬያለሁና።

አንዲት እናት ደግሞ የልጇን እጅ ይዛ ቆማ ነበር። የወንድም ልጁን በጣቷ እያሳየች "አየህ? ካልተማርክ እንደሱ ነው የምትሆነው" አለችው። የወንድም ልጁ ይሰማል፣ ሁለት እርምጃ አይርቅም። ፌስታሏን አንስቶ ለሕፃኑ እጁን አውለበለበለትና አለፈ። እኔ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ "ይሄ ልጅ እኮ ማታ ማታ ይማራል" ልላት ነበር። እውነት ነው፣ ይማራል። ደግሞ ሳስበው ተውኩት። ባይማርስ? ባይማር ሊሰደብ ነው? እህቴ፣ ለልጅሽ ትምህርት የምታስቢው ደግ ነው። ነገር ግን ሰው አሳይተሽ አታስፈራሪው። የሚያስፈራው ነገር ያ ልጅ ነገ ባይመጣ የሚሆነው ነው።

ባይመጣ የሚሆነው ደግሞ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1968 የኒውዮርክ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ሥራ አቆሙ። ዘጠኝ ቀን ብቻ። በዘጠኝ ቀን ወደ 100,000 ቶን ቆሻሻ መንገድ ላይ ተከመረ። ያ ሀብታም ከተማ አፍንጫውን ይዞ ይሄድ ጀመር።

በዚያው ወር፣ ሜምፊስ በምትባል ሌላ የአሜሪካ ከተማ፣ ከዚህ የሚብስ ነገር ሆነ። የካቲት 1 ቀን ከባድ ዝናብ ይጥል ነበር። ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የሚባሉ ሁለት ጥቁር ሠራተኞች ከዝናቡ ለመጠለል ቆሻሻ መኪናው ውስጥ ከኋላ ገቡ። ሌላ መጠለያ አልነበራቸውም፣ በነዋሪው በረንዳ መጠለል ለእነሱ ክልክል ነበር። መጭመቂያው ተበላሽቶ በራሱ ተነሳ። ሁለቱንም ጨፍልቆ ገደላቸው። ከዚያ 1,300 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቁመው ሰልፍ ወጡ። አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ጽሑፍ አጭር ነበር፦ "እኔ ሰው ነኝ"። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሊደግፋቸው ሜምፊስ ሄደ። ሚያዝያ 4 ቀን እዚያው ተገደለ። ከመሞቱ በፊት ለእነዚህ ሠራተኞች ሲናገር፣ ቆሻሻችንን የሚያነሳው ሰው ከሐኪሙ እኩል ያስፈልገናል፣ እሱ ሥራውን ካቆመ በሽታ ይነግሣልና ብሏቸው ነበር።

ይህን ታሪክ ለአባትየው ነገርኳቸው። ያኔ እኛም ዝናብ ይዞን ቆመን ነበር። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "የእኛ ልጆች ዝናብ ሲጥል የት እንደሚቆሙ አይተሃል?" አሉኝ። ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ሦስቱም መኪናዋ ጎን ተለጥፈው፣ ማዳበሪያ ራሳቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት አለ። መብራቱ በርቷል። በሩን የከፈተ ሰው አልነበረም። እዚያ ቤት የሚኖር ካነበበው፣ ልጆቹን ግቡ በሉ እባካችሁ። ወንበር አልጠየቁም፣ ጣሪያ ብቻ ነው።

ከቀትር በኋላ መድፊያው ጋ ደረስን። ያንን ቦታ እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። መኪናዋ ሆዷን ከፍታ ስትደፋ ቆሜ አየሁ። ግማሹ ያልተነካ ምግብ፣ አንድ ቀን ያገለገለ ፕላስቲክ፣ መታጠፊያው ያልተከፈተ ልብስ ነበር። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት ዓለም በዓመት 2.01 ቢሊዮን ቶን የከተማ ቆሻሻ ያወጣል። በ2050 ወደ 3.40 ቢሊዮን ይደርሳል ይላል። ቁጥሩ ለጆሮ ያስቸግራል፣ አውቃለሁ። ለእነሱ ግን ቁጥር አይደለም፣ ወገብ ነው። አንድ ሰው ሊያነሳው የማይችል ማዳበሪያ ሞልታችሁ ስታወጡ፣ የሚያነሳው አንድ ሰው ነው። ታላቅየው ገና በወጣትነቱ ማታ ማታ ጀርባውን መሬት ላይ ካላሳረፈ እንቅልፍ አይወስደውም። አንዱን ለሁለት ክፈሉት። ከሁሉም በፊት ደግሞ ቀንሱት።

ማታ ቤታቸው ስንገባ እናትየዋ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ሰላም ሳይሉ በፊት የልጆቹን እጅ አዩ። አንድ በአንድ፣ መዳፉንም ጀርባውንም፣ እየገለባበጡ። ከዚያ በኋላ ነው "ግቡ" ያሉን። አምና ከዚያ መርፌ ወዲህ በየማታው እንዲህ ያደርጋሉ።

ነገ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ መኪናዋ እንደገና ትነሳለች። እኔ ጋቢና ውስጥ የለሁም፣ ታናሽየው ግን ከኋላ ይኖራል። ፌስታላችሁ ደጅ ወጥቶ ከሆነ ሂዱና ፍቱት። ስባሪ ካለበት ካርቶን ውስጥ አድርጉት፣ መርፌ ካለበት አውጥታችሁ አሽጉት። መኪናችሁ መንገድ ዘግቶ ከቆመ አሁኑኑ አንሱት። ገና አልመሸም።