የጥንት ነው የሚሉን ሁሉ የጥንት አይደለም

በየዓመቱ ግንቦት ገደማ ባንኮክ መሃል፣ ከታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ ባለው የሳናም ሉዋንግ ሜዳ በሬ ይጠመዳል። ያጌጡ በሬዎች፣ ያጌጠ ማረሻ፣ ነጭ የለበሱ የቤተ መንግሥት ብራህማኖች (የሂንዱ ካህናት)። ሜዳው ታርሶ ዘር ከተበተነ በኋላ ለበሬዎቹ ሰባት ነገር ይቀርብላቸዋል፦ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሾ፣ ሰሊጥ፣ ሣር፣ ውሃና አረቄ። ሣሩን ከበሉ ውሃና ምግብ ይተርፋል ይባላል። አረቄውን ከጠጡ ደግሞ ንግዱ ይደራል። (በሬ አረቄ ሲጠጣ ለማየት ብቻ ብሄድ አይቆጨኝም።) ሥርዓቱ ሲያበቃ ሕዝቡ ግር ብሎ ይገባና የተበተነውን ዘር ከአፈሩ ይለቅማል፤ ገበሬው ከራሱ ዘር ጋር ሊቀላቅለው፣ ከተሜው ለበረከት ቦርሳው ውስጥ ሊያኖረው።

ከበሬዎቹ ጋር ጠብ የለኝም። እንዲያውም ደስ ይሉኛል። ጠቤ ታይላንድ ውስጥ ስለ ዘውዱ የሚነሳን ጥያቄ ሁሉ «ይሄ ከጥንት የመጣ ባህላችን ነው፣ አትንኩት» እያሉ ከሚያፍኑት ጋር ነው። ባህሉን ቀረብ ብላችሁ ስታዩት እኮ ብዙው በአያቶቻችን ዕድሜ የተጠገነ፣ አንዳንዱም ሞቶ የተነሳ ነው።

የእርሻው ሥርዓት ሥሩ በጣም የቆየ ነው፣ እሱን ማንም አይክድም። ግን ፍጹም ዘውዳዊው አገዛዝ ካበቃበት ከ1932ቱ ለውጥ በኋላ ተቋርጦ ነበር፤ የተመለሰው በ1960 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በቻኦ ፕራያ ወንዝ ላይ የሚደረገው የንጉሡ የጀልባ ሰልፍም እንደዚያው ለዓመታት ቀርቶ የቆየ ነው፤ በ1957 ነው እንደገና የተጀመረው። በጥቅምት 2024 ንጉሡ 72 ዓመት የሞላቸውን በማስመልከት 52 ጀልባዎች፣ ከ2,000 በላይ ቀዛፊዎች ወንዙን ሞልተውት ነበር። ሲያዩት አፍ ያስከፍታል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የመስገዱ ጉዳይ ነው። በንጉሡና በቤተሰባቸው ፊት ሰው መሬት ላይ ተደፍቶ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ሲቀርብ በቴሌቪዥን አይታችሁ ይሆናል። በ2019 የአሁኑ ንጉሥ ማሃ ቫጂራሎንግኮርን ሱቲዳን ሲያገቡ ሙሽራዋ ራሷ ወለሉ ላይ ተደፍታ ነበር። ያየ ሁሉ «ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ድሮ እንዲህ ነበር። ግን በ1873 ንጉሥ ቹላሎንግኮርን፣ ያኔ ገና የ20 ዓመት ወጣት፣ መስገዱ ጭቆና ነው ብለው በአዋጅ አስቀሩት። ሰው ቆሞ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ይንሳ አሉ። እንግዲህ ዛሬ «ባህላችንን አክብሩ» የሚለው ሰው የሚሟገተው ታይላንዶች እጅግ ከሚወዷቸው ነገሥታት አንዱ አይረባም ብለው ለጣሉት ነገር ነው።

ታዲያ ማን አነሳው? በ1932 ጥቂት መኮንኖችና ሲቪሎች ተባብረው ፍጹም ዘውዳዊውን አገዛዝ ወደ ሕገ መንግሥታዊ ቀየሩት። ከዚያ በኋላ ዘውዱ ለ20 ዓመት ያህል ጥላው ሳስቶ ቆየ። በ1957 በመፈንቅለ መንግሥት የመጣው ፊልድ ማርሻል ሳሪት ታናራት ግን ችግር ነበረበት፤ ማንም አልመረጠውም። ስለዚህ ወጣቱን ንጉሥ ቡሚቦልን ወደ ፊት አወጣ። ሥርዓቱ፣ ሰልፉ፣ የገጠር ጉብኝቱ፣ መስገዱም ጭምር በዚያ ዘመን ነው የገነነው። የ1932ቱ ለውጥ መታሰቢያ የነበረው ብሔራዊ በዓል እንኳ በ1960 ወደ ንጉሡ የልደት ቀን ተዛወረ። ጄኔራሉ ከዘውዱ ቅቡልነት አገኘ፣ ዘውዱም ከጄኔራሉ ጉልበት። ውሉ ይሄ ነው፤ በእኔ ግምት እስከ ዛሬም አልፈረሰም።

ቅጣቱም እንደዚያው ነው። እኛ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» እንላለን። ታይላንድ ውስጥ ግን ንጉሡን አለመክሰስ ብቻ አይበቃም፣ ስለሳቸው ክፉ ተናገረ የተባለውም ይከሰሳል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 112 ንጉሡን፣ ንግሥቲቱን፣ አልጋ ወራሹን ወይም እንደራሴውን የሰደበን ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስራል። ያውም ለእያንዳንዱ ጥፋት ለየብቻ። አቤቱታውንም ጎረቤት ይሁን የሥራ ባልደረባ፣ ማንም ማቅረብ ይችላል። በጥር 2021 አንዲት የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ የድምፅ ቅጂዎች ኢንተርኔት ላይ ስላጋራች 87 ዓመት ተፈረደባት፤ ጥፋቷን ስላመነች በግማሽ ተቀነሰላት። በጡረታ ዕድሜ ያለች ሴት ናት እኮ! ይሄስ የጥንት ነው? በ1908 የወጣው ሕግ፣ ንጉሡ በእውነት ሁሉን በሚያዙበት ዘመን ማለት ነው፣ ከፍተኛውን ቅጣት 7 ዓመት ነበር ያደረገው። ከ3 እስከ 15 የሆነው በ1976 ነው፤ ታማሳት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ተጨፍጭፈው፣ በዚያው ቀን ወታደሩ ሥልጣን ከያዘ በኋላ።

አንድ ነገር ግን ልመን፤ ለቡሚቦል የነበረው ፍቅር የውሸት አልነበረም። ለ70 ዓመት ነገሡ። ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ካርታቸውን ይዘው መንገድ ያልገባበት መንደር ድረስ ይሄዱ ነበር። በጥቅምት 2016 ሲሞቱ ሰዉ ከሆስፒታሉ በር ላይ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። በ2005 የልደት ንግግራቸው ላይ ራሳቸው ንጉሥ አይተችም ማለት ንጉሥ ሰው አይደለም ማለት ነው፣ እኔም ልሳሳት እችላለሁ የሚል ሐሳብ ተናግረው ነበር። ንግግራቸው በየቴሌቪዥኑ ተላለፈ፣ አንቀጽ 112 ግን እንዳለ ቀረ።

ልጃቸው ከነገሡ በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ2018 የዘውዱ ንብረት፣ በብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚገመተው፣ በንጉሡ ስም ተመዘገበ። በ2019 ባንኮክ ያሉ ሁለት የእግረኛ ጦር ሬጅመንቶች በቀጥታ በሳቸው ሥር ሆኑ። እነዚህ ወግ አይደሉም፤ ገንዘብና ጠመንጃ ናቸው። በ2020 ወጣቶቹ አደባባይ ወጥተው አሥር የማሻሻያ ጥያቄ ሲያነቡም የጠየቁት ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ሕጉ፣ ንጉሡ ለመፈንቅለ መንግሥት ስለሚሰጡት የማጽደቂያ ፊርማ ነበር። ዘውዱ ይጥፋ አላሉም። ከዚያ ዓመት ወዲህ ከ270 ሰው በላይ በ112 ተከሷል። በ2023 ሕጉን እናሻሽላለን ያለው ሙቭ ፎርዋርድ ፓርቲ በምርጫ አንደኛ ወጣ፤ በነሐሴ 2024 ፍርድ ቤት አፈረሰው። ሕጉ ይሻሻል ማለት ሥርዓቱን ለመገልበጥ መሞከር ነው ተባለ።

የሚረሳው ታሪክ ደግሞ በእጅ ነው የሚረሳው። ባንኮክ ውስጥ የ1932ቱን ለውጥ የሚያስታውስ የነሐስ ሰሌዳ አስፋልት ላይ ተቀብሮ ነበር። በሚያዝያ 2017 በአንድ ጊዜ ጠፋ። በቦታው ለንጉሥ ታማኝ መሆን ጥሩ ነው የሚል አዲስ ሰሌዳ ተተከለ። የአካባቢው የጥበቃ ካሜራዎችስ? ለጥገና ተነስተው ነበር ተባለ።

ከእኛ ሰው ባንኮክ የሚሄደው አብዛኛው ለህክምና ወይም ዕቃ ሊያመጣ ነው፣ ለናንተ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ሲኒማ ከገባችሁ ፊልሙ ሳይጀምር የንጉሡ መዝሙር ይሰማል፣ ተነሱ። ብር ሲወድቅባችሁ በእግራችሁ አትርገጡት፣ የንጉሡ ምስል አለበት። ሕጉ የውጭ ዜጋም አይምርም፤ የንጉሡን ፎቶዎች ቀለም የረጨ ስዊዘርላንዳዊ በ2007 የ10 ዓመት እስር ተፈርዶበት ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ምሕረት ተደረገለት እንጂ። በ2025 ደግሞ አንድ አሜሪካዊ ምሁር ታስሮ ነበር፣ ኋላ ክሱ ተነሳለት። ይሄን ጽሑፍ ሼር ማድረግ ካማራችሁም አዲስ አበባ ከገባችሁ በኋላ ይሁን።